ወርድ ላይ የሊንክን ቀለምና መስመር በአንድ ጊዜ መቀየር

ወርድ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ጽፋችሁ ስፔስ ወይም ኢንተር ስትመቱ አድራሻው ወዲያው ሰማያዊ ይሆናል፤ ከሥሩም ይሰመርበታል። ሳትጠይቁት ሊንክ ሆነ ማለት ነው። ለአንዲት አጭር ደብዳቤ ይህ ችግር የለውም። ሲቪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ ሲሆን ግን ገጹ ዝንጉርጉር ይሆናል።

ብዙ ሰው ይህን የሚያስተካክለው በእጁ ነው። አንዱን ሊንክ ይመርጣል፣ ቀለሙን ጥቁር ያደርጋል፣ መስመሩን ያነሳል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሠላሳ ሊንክ ካለ ሠላሳ ጊዜ ማለት ነው። በማግስቱ አዲስ ሊንክ ሲጨመር ደግሞ እንደገና ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል። ጊዜ ይበላል፣ ሰነዱም ወጥነት ያጣል። የሊንኮች መልክ የሚወሰነው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ እዚያ ሄዶ መቀየር ይበቃል። እዚህ የማሳያችሁ ይህንን ነው። ዋናው ለዊንዶውስ ወርድ የተጻፈ ነው፤ ሊብሬኦፊስና ጉግል ዶክስ መጨረሻ ላይ አሉ።

ሰማያዊው ከየት ይመጣል?

ወርድ ለሊንክ ሁለት ስታይሎች አሉት። ስታይል ማለት ቀለም፣ መስመርና ፎንትን አንድ ላይ የያዘ፣ ስም የተሰጠው የመልክ ቅንብር ነው። የመጀመሪያው ሀይፐርሊንክ ይባላል። ገና ላልተከፈተ ሊንክ ነው። ሁለተኛው ፎሎውድ ሀይፐርሊንክ ይባላል። ተጭናችሁ የከፈታችሁት ሊንክ ወደ ወይን ጠጅ የሚለወጠው በእሱ ምክንያት ነው። ይህ የሰማያዊና የወይን ጠጅ ልማድ የመጣው ከብራውዘሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራው ሞዛይክ ያልተከፈተውን ሰማያዊ፣ የተከፈተውን ወይን ጠጅ አድርጎ ያሳይ ነበር። ልማዱ እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ሁለቱም ስታይሎች የሚሠሩት ሊንኩ ያረፈባቸው ፊደላት ላይ ብቻ ነው። አንቀጹን አይነኩም። ቀለማቸውን ደግሞ የሚወስዱት ከሰነዱ ቲም፣ ማለትም ለመላው ሰነድ ከተዘጋጀው የቀለምና የፎንት ስብስብ ነው። አንዱ ፋይል ላይ ደማቅ ሰማያዊ፣ ሌላው ላይ ፈዘዝ ያለ የምታዩት ለዚህ ነው። በ2013 የመጣው የኦፊስ ቲም የሊንክ ቀለም ሬድ 5፣ ግሪን 99፣ ብሉ 193 ነው። ከ2023 ወዲህ ያለው ደግሞ ወደ ግራጫ ያደላ ነው፦ ሬድ 70፣ ግሪን 120፣ ብሉ 134።

ስታይሉን መቀየር

1. ሰነዱን ክፈቱ። ሆም የሚለው ታብ ላይ ስታይልስ የሚል ክፍል አለ። ታች ቀኝ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት ጫኑ። ከኪቦርድ ኦልት፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስን አንድ ላይ መጫንም ይቻላል። በስተቀኝ በኩል የስታይሎች ዝርዝር ይከፈታል።

2. ዝርዝሩ ውስጥ ሀይፐርሊንክን ፈልጉ። ካጣችሁት አትደናገጡ፤ ወርድ ሁሉንም ስታይል አያሳይም። ከዝርዝሩ ሥር ኦፕሽንስ የሚለውን ጫኑ። ሰሌክት ስታይልስ ቱ ሾው ከሚለው ሥር ኦል ስታይልስን ምረጡና ኦኬ በሉ። ከታች ያለውን የአደራደር ምርጫ አልፋቤቲካል ብታደርጉት ፍለጋው ይቀላል።

3. ማውዛችሁን ሀይፐርሊንክ የሚለው ስም ላይ አድርሱት። በስተቀኝ ቀስት ይወጣል። እሱን ጫኑና ሞዲፋይን ምረጡ።

4. የሚከፈተው መስኮት መሀል ላይ የፎንት ስም፣ መጠን፣ ቦልድ፣ አንደርላይንና ቀለም አሉ። ቀለሙን ቀይሩ። አንደርላይኑን ማጥፋት ከፈለጋችሁ መስኮቱ ላይ ያለውን የዩ (U) ምልክት አንዴ ጫኑ። የፎንቱን ስምና መጠን ግን አትንኩ። ባዶ ሲሆን ሊንኩ በዙሪያው ያለውን ጽሑፍ ፎንት ይይዛል። እዚያ ላይ ታይምስ ኒው ሮማን ብትመርጡ ርዕስ ውስጥ ያለ ሊንክ ርዕሱን መምሰል ያቆማል።

5. ከመስኮቱ ሥር ሁለት ምርጫ አለ። ኦንሊ ኢን ዚስ ዶክዩመንት ለዚህ ሰነድ ብቻ ነው። ኒው ዶክዩመንትስ ቤዝድ ኦን ዚስ ቴምፕሌት የሚለው ደግሞ ከዚህ በኋላ ለምትከፍቷቸው አዳዲስ ሰነዶችም ያገለግላል። የጋራ ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ የመጀመሪያውን ምረጡ፤ የሌላ ሰው ሥራ አይነካም። ኦኬ በሉ።

6. ፎሎውድ ሀይፐርሊንክ ላይም ይህንኑ ድገሙ። ሰዎች ይቺን ደረጃ ይዘሏታል። ሊንኮቹ መሥራታቸውን ለማየት አንድ አምስቱን ከፈታችሁ እንበል። ወዲያው ፕሪንት ስታደርጉ አምስቱ ወይን ጠጅ፣ የቀሩት በመረጣችሁት ቀለም ይወጣሉ። ለሚታተም ሰነድ ሁለቱንም ስታይል አንድ ዓይነት ቀለም ስጧቸው።

ማክ ላይ ያላችሁ ከላይ ፎርማት ከሚለው ሜኑ ስታይልን ክፈቱ፤ ዝርዝሩን ኦል ስታይልስ አድርጉና ሀይፐርሊንክን ፈልጋችሁ ሞዲፋይ በሉ። የቀረው ተመሳሳይ ነው።

ሥራችሁ መያዙን ለማየት ባዶ መስመር ላይ ኮንትሮልና ኬን ተጫኑና አንድ የሙከራ ሊንክ አስገቡ። በአዲሱ ቀለም ከመጣ ተሳክቷል።

የአማርኛ ፊደልና ከሥር የሚሰመረው መስመር

ይህን ነገር ጠለቅ ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ለላቲን ፊደል የተጻፉ መመሪያዎች አያነሱትም።

ፊደላችን እግሩ ላይ ብዙ ነገር ይሸከማል። ቷን ተመልከቱ። ከተ የሚለያት እግሯ ሥር ያለችው አግድም ሰረዝ ናት። ቧ፣ ሟ፣ ሷ፣ ኗም እንዲሁ ናቸው። አሁን "የቤቷ ካርታ" የሚለውን ሐረግ ሊንክ አድርጉትና በ11 ወይም በ12 መጠን እዩት። የሊንኩ መስመር ከሥር ሲያልፍ ከቷ ሰረዝ ጋር ይጠጋጋል፤ አንዳንድ ፎንት ላይ ጨርሶ ይገጥማል። ስክሪን ላይ ዙም አድርጎ መለየት ይቻላል። ፎቶ ኮፒ ላይ ግን "ቤቷ" እና "ቤተ" ሊምታቱ ይችላሉ።

ለዚህ መስመሩን ማጥፋት ብቸኛው መፍትሔ አይደለም። የተሻለ ዘዴ አለ። ሞዲፋይ መስኮቱ ውስጥ ታች በስተግራ ፎርማት የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ጫኑና ፎንትን ምረጡ። እዚያ አንደርላይን ስታይል እና አንደርላይን ከለር ለየብቻ ይገኛሉ። መስመሩን ነጠብጣብ አድርጉት፤ ቀለሙን ደግሞ ግራጫ። ፊደላቱ በመረጣችሁት ቀለም እንዳሉ ይቀራሉ፣ መስመሩ ከሥራቸው ፈዘዝ ብሎ ይታያል። የቷ ሰረዝ የፊደሏን ቀለም ስለምትይዝ ከመስመሩ ትለያለች። ለአማርኛ ሰነድ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ቀለሙንም መስመሩንም አንድ ላይ ማጥፋት ግን አልመክርም። አንባቢው ሊንክ መሆኑን በምን ያውቃል? ጥቁር ጽሑፍ መሀል ያለ ጥቁር ሊንክ የለም ማለት ነው። የድረ ገጾች የተደራሽነት መስፈርትም ቀለም ብቻውን ምልክት መሆን የለበትም ይላል፤ ቀለም ለመለየት የሚቸገሩ አንባቢዎች አሉና። ያው መስፈርት በጽሑፍና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ለመደበኛ መጠን ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ነጭ ወረቀት ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ውሃ ሰማያዊ አትምረጡ።

ቀለም ለመምረጥ ከተቸገራችሁ ሬድ 0፣ ግሪን 51፣ ብሉ 102 ብላችሁ አስገቡ። ሞር ከለርስ ውስጥ ከስተም የሚለው ገጽ ላይ ቁጥሮቹን የምትሞሉበት ቦታ አለ። ጥቁር ሰማያዊ ነው። ስክሪን ላይ ሊንክ መሆኑ ይታወቃል፤ በጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ሲወጣም ከሌላው ጽሑፍ እኩል ደምቆ ይነበባል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ በጥቁርና ነጭ ታትሞ የሚጠረዝ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እምቢ የሚሉ ሊንኮች

ስታይሉን ቀይራችሁ አንዳንድ ሊንክ ሳይለወጥ ይቀራል። ይህ የሚሆነው ያ ሊንክ ከዚህ በፊት በእጅ ቀለም ስለተቀባ ነው፤ ወይም ከድረ ገጽ ኮፒ ሲደረግ የራሱን መልክ ይዞ ስለመጣ። በእጅ የተሰጠ መልክ ሁልጊዜ ስታይሉን ያሸንፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ የተሰጠውን ማንሳት ያስፈልጋል።

የስታይሎች ዝርዝር ላይ ሀይፐርሊንክ አጠገብ ያለችውን ቀስት ጫኑና ሰሌክት ኦል የሚለውን ምረጡ። ይህን ስታይል የያዙ ሊንኮች ሁሉ አንድ ላይ ይመረጣሉ። ምርጫውን ሳታጠፉ ኮንትሮልና ስፔስን ተጫኑ። ሊንኮቹ ተራ ጽሑፍ ይመስላሉ፤ አድራሻቸው ግን አልጠፋም። ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስን ተጫኑ። በምትከፈተው ትንሽ መስኮት ውስጥ ሀይፐርሊንክን መርጣችሁ አፕላይ በሉ። አሁን ሁሉም አዲሱን መልክ ይይዛሉ። የምትጽፉበት የአማርኛ ኪቦርድ ኮንትሮልና ስፔስን ለራሱ የሚጠቀምበት ከሆነ ለጊዜው ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

ጨርሶ ስታይሉን ያልያዙ ሊንኮች በዚህ መንገድ አይመረጡም። አንዱን ምረጡና ሆም ላይ በስተቀኝ ዳር ካለው ሰሌክት ውስጥ ተመሳሳይ ፎርማት ያለውን ጽሑፍ ሁሉ የሚመርጠውን ጫኑ። ከዚያ የቀረው ያው ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ኮንትሮልና ስፔስ በእጅ የተሰጠውን ፎንትም ያነሳል። መላው ጽሑፍ ተመርጦ ፎንቱ በእጅ የተቀየረ ከሆነ ሊንኮቹ ብቻቸውን ወደ ሰነዱ መነሻ ፎንትና መጠን ይመለሳሉ። ይህን ካያችሁ የሰነዱን ዋና ፎንት ኖርማል በሚለው ስታይል ላይ አስተካክሉት።

በድሮ ፎንት የተጻፉ ሰነዶች

ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ባልሆኑት የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች አሁንም ይሠራባቸዋል። እነዚህ ፎንቶች የግዕዝ ፊደላትን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ነው። ስለዚህ የድረ ገጽ አድራሻ ስታስገቡ ትርጉም የሌለው የግዕዝ ፊደል ጥርቅም ሆኖ ይታያል። አድራሻው አልተበላሸም፤ ብትጫኑት ይከፍታል። የሚታየው መልክ ብቻ ነው የተሳሳተው።

ከላይ ፎንቱን አትንኩ ያልኩት ምክር እዚህ ይገለበጣል። ለእንዲህ ዓይነት ሰነድ ሀይፐርሊንክ ስታይል ላይ ታይምስ ኒው ሮማን ወይም ኤሪያል ስጡት። ፎንቱ በእጅ የተሰጠ ስለሚሆን አሁን ባሳየኋችሁ የኮንትሮልና ስፔስ መንገድ ካጸዳችሁት በኋላ ስታይሉን መልሱለት። አድራሻው በላቲን ፊደል ይወጣል። ሊንኩ አማርኛ ቃል ላይ የተቀመጠ ከሆነ ግን ይህን አታድርጉ፤ ቃሉ ራሱ ወደ ላቲን ጥርቅም ይለወጣል።

ረጅም አድራሻና የሚታተም ሰነድ

ረጅም አድራሻ ግራና ቀኙ እኩል በተደረገ አንቀጽ ውስጥ ሲገባ ከላዩ ያለው መስመር ላይ ቃላቱ ይራራቃሉ፤ አድራሻው ተቆርጦ ወደ ታች ስለማይወርድ ነው። ለስክሪን የሚሆን ሰነድ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ኮንትሮልና ኬን ተጫኑ፣ ቴክስት ቱ ዲስፕሌይ የሚለው ቦታ ላይ "የምዝገባ ቅጽ" ዓይነት ገላጭ ስም ጻፉ፣ አድራሻውን ከታች አስቀምጡ። "እዚህ ይጫኑ" ከሚል ሊንክ ይህ በብዙ ይሻላል።

የሚታተም ከሆነ ግን ወረቀት ላይ ማንም አይጫንም። አድራሻው መታየት አለበት። ግርጌ ማስታወሻ ውስጥ አስገቡት። መቆረጥ በሚችልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከስላሽ (/) ምልክት በኋላ፣ ከርሰሩን አስቀምጡ። ኢንሰርት፣ ሲምቦል፣ ሞር ሲምቦልስ፣ ከዚያ ስፔሻል ካራክተርስ ውስጥ ገብታችሁ ኖ ዊድዝ ኦፕሽናል ብሬክን አስገቡ። አይታይም፤ ግን አድራሻው እዚያ ላይ ተቆርጦ ወደ ታች መውረድ ይችላል። ይህን የምታደርጉት ለወረቀት ብቻ ይሁን። አንባቢ ከስክሪን ኮፒ ቢያደርገው የማትታየዋ ምልክት አብራ ትሄድና አድራሻው ላይሠራ ይችላል።

ሲቪ በፒዲኤፍ የምትልኩ ሰዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ፒዲኤፉን ፋይል ውስጥ ሴቭ አዝ በሚለው በኩል አውጡት። ፕሪንት ውስጥ ገብታችሁ ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍን ከመረጣችሁ ሊንኮቹ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ፤ ሲጫኗቸው ግን አይከፈቱም።

ሊንኩን ራሱን ማጥፋት ከፈለጋችሁ

መልኩን መቀየር ሳይሆን ሊንኩ እንዲጠፋ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ሪሙቭ ሀይፐርሊንክ በሉ። ሁሉንም በአንዴ ለማጥፋት ኮንትሮል ኤ ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ 9 የሚል ምክር በሰፊው ይሰጣል። ይሠራል፤ ግን ሊንክ ብቻ አይደለም የሚነካው። ማውጫችሁ ተራ ጽሑፍ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ አፕዴት አይደረግም። ዞቴሮ በሚባለው የማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራም ያስገባችኋቸው ማጣቀሻዎችም ከፕሮግራሙ ጋር ያላቸው ግንኙነት ይቋረጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ይህን ከማድረጋችሁ በፊት የፋይሉን ኮፒ አስቀምጡ።

ወርድ አድራሻን በራሱ ሊንክ ማድረጉን እንዲተው ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ ግቡ። ኦቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ የሚለው ገጽ ላይ ኢንተርኔትና ኔትወርክ ፓዝን ወደ ሀይፐርሊንክ የሚለውጠውን ምልክት አንሱ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አድራሻው ሰማያዊ እንደሆነ ኮንትሮል ዜድ በሉ። ሊንኩ ይነሳል፣ ጽሑፉ ይቀራል።

በቲም በኩል መቀየር

መሥሪያ ቤታችሁ የራሱ ቀለም ካለው፣ ለሪፖርቱም ለፓወርፖይንቱም አንድ ዓይነት ሊንክ ከፈለጋችሁ በቲም መሄድ ይሻላል። ዲዛይን ታብ ላይ ከለርስን ክፈቱና ከስተማይዝ ከለርስ በሉ። መጨረሻ ላይ ሀይፐርሊንክና ፎሎውድ ሀይፐርሊንክ አሉ። ቀለም ምረጡ፣ ስም ስጡና ሴቭ አድርጉ። ያስቀመጣችሁት የቀለም ስብስብ ያው ኮምፒውተር ላይ ፓወርፖይንት ውስጥም ይገኛል። ስታይሉን አስቀድማችሁ በቁጥር ቀለም ከሰጣችሁት ግን ቲሙን አይሰማም፤ ስታይሉን ወደ ቲሙ የሀይፐርሊንክ ቀለም መመለስ ስለሚያስቸግር ከሁለቱ መንገዶች አንዱን ቀድማችሁ ምረጡ።

ሊብሬኦፊስ እና ጉግል ዶክስ

ሊብሬኦፊስ ራይተር ላይ ኤፍ 11ን ተጫኑ። ከላይ ካሉት ምልክቶች የካራክተር ስታይሎችን ምረጡ። ኢንተርኔት ሊንክ እና ቪዚትድ ኢንተርኔት ሊንክ የሚሉ አሉ። ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኤዲት ስታይል በሉ፤ ፎንት ኢፌክትስ የሚለው ገጽ ላይ ቀለሙንና አንደርላይኑን ቀይሩ። በእጅ የተሰጠ መልክ የያዘውን ሊንክ መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤም ብትሉ ይጸዳል።

ጉግል ዶክስ ለሊንክ የተለየ ስታይል የለውም። አንዱን ሊንክ መርጣችሁ ቀለሙንና መስመሩን እንደፈለጋችሁ ታስተካክላላችሁ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ኦልትና ሲ ብላችሁ መልኩን ትገለብጣላችሁ፤ ሌላውን ሊንክ ትመርጡና ኮንትሮል፣ ኦልትና ቪ ትላላችሁ። ሊንኩ ጥቂት ከሆነ ይህ አይከብድም። ብዙ ከሆነ ፋይሉን በወርድ ፎርማት አውርዳችሁ ከላይ ባለው መንገድ ሥሩት፤ የመጨረሻውን ኮፒም ከወርድ ወደ ፒዲኤፍ አውጡት።